አንድ ሊትር አደራ

አልሐምዱ ሊላህ። ምስጋና ሁሉ ዝናብን አውርዶ የደረቀችውን ምድር ሕያው ለሚያደርገው ለዓለማቱ ጌታ ይሁን። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። አማ ባዕድ፤

የተከበራችሁ የአላህ ባሮች፣ በቅድሚያ ራሴን፣ ቀጥሎም እናንተን አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

የዛሬው ኹጥባ ስለ ጨው፣ ስለ ስኳርና ስለ ውሃ ነው። «ኢማሙ ሚንበር ላይ ወጥቶ የጓዳ ወሬ ጀመረ» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። የማወራው ስለ አማና ነው። አማና በአማርኛችን አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ገንዘብና ዕቃ ብቻ አይደለም። ሌላውን ከሞት የሚያተርፍ ነገር ያወቀ ሰውም አደራ ተቀብሏል። ለባለቤቱ እስኪያደርሰው ድረስ ይጠየቅበታል።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው መጀመሪያ የሚከለከለው ውሃ ነበር። «በገባ ቁጥር ይወጣል፤ ሆዱ ይረፍ» ይባላል። ሕፃኑ ውሃ ውሃ እያለ ያለቅሳል፤ ኋላ እንባው ይደርቃል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ቆዳው ቆንጥጠው ሲለቁት እንደ ታጠፈ ይቀራል። እነዚያ እናቶች ጨካኞች አልነበሩም። የሚያዩትን አመኑ፤ ያዩት ውሃው ሲወጣ ነው። ያላዩት ልጁ በጥማት እየሞተ መሆኑን ነው። በእናቶቻችን ብቻ አንፍረድ፤ ተቅማጥ የያዘው ሰው አንጀቱ እንዲያርፍ ከምግብና ከመጠጥ መታገድ አለበት የሚለው ሐሳብ በትልልቅ ሆስፒታሎችም ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል።

ከተቅማጥ ሁሉ የከፋው ኮሌራ ነው፤ በአገራችን አተት በሚል ስም የለመድነው። ኮሌራ የጠናበት አዋቂ በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ጠዋት በሁለት እግሩ የቆመ ሰው መግሪብ ላይ ሊሞት ይችላል። ከእኛ ከሙስሊሞች ጋር ደግሞ የቆየ ታሪክ አለው። በዘመናችን ዓለምን ያዳረሰው ኮሌራ «ኤል ቶር» ይባላል። ኤል ቶር በሲና በረሃ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከመካ የሚመለሱ ሑጃጆች ወሸባ የሚገቡበት ጣቢያ ነበር፤ ጀርሙ እ.ኤ.አ. በ1905 መጀመሪያ የተለየው እዚያ ከነበሩ ሑጃጆች ነው። በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ እስያን አዳረሰ፤ በ1970 አፍሪካ ገባ፤ እኛም ዘንድ ደረሰ።

አሁን ወደ አላህ ሥራ ልመልሳችሁ። የኮሌራ ጀርም አንጀትን አይበሳም፣ አያቆስልም። መርዙ የአንጀትን ሕዋሳት ያሳስታቸዋል፤ ጨውና ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት እየለቀቁ ያፈስሳሉ፤ ቧንቧ ተከፍቶ እንደ ተረሳ ማለት ነው። ታዲያ እዚያው ግድግዳ ላይ ሌላ በር አለ። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ ፕራግ ላይ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ስለዚህ በር ተናገረ። ስኳርና ጨው ተያይዘው የሚገቡበት በር ነው። ስኳሩ ያለ ጨው አያልፍም፤ ሁለቱ አብረው ሲገቡ ግን ውሃ ይከተላቸዋል። ኮሌራ ያንን ቧንቧ ሲከፍት ይህን በር አይነካውም። ሱብሐነላህ! አንዱ በኩል ሲፈስስ ሌላው በኩል ክፍት ነው፤ የሰው ልጅ ግን በሩን ሳያውቀው ስንት ሺህ ዓመት ሞተ።

በሩን ማወቅም ብቻውን አላዳነም። ሱረቱ ረሕማን ስለ ሚዛን የሚያስጠነቅቀውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1962 ማኒላ ላይ አንድ ትልቅ ሐኪም የጨውና የስኳር ውሃ ለኮሌራ ሕሙማን አጠጣ። የመጀመሪያዎቹ ተሻላቸው፤ ደስ አለው። ቀጥለው ከታከሙት ግን የሞቱ ነበሩ፤ ውሁዱ ከልኩ በላይ ጠንክሮ ነበር። ያው ጨው፣ ያው ስኳር፣ ያው ውሃ። ሚዛኑ ሲዛነፍ መድኃኒቱ ራሱ ገዳይ ሆነ። ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ነገሩን ፈራው፤ አልፈርድበትም።

ልኩን ያገኙት በ1968 በዳካ፣ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባለው በዛሬዋ ባንግላዴሽ ነው። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከአገሩ ልጆች ከረፊቁል ኢስላምና ከመጂድ ሞላ ጋር ሠሩት። ምርምር ሲባል ነጭ ጋዋንና የሚያብለጨልጭ ብልቃጥ ለሚታያችሁ ሰዎች የእነርሱን ልንገራችሁ። ታማሚው መካከሉ የተቀደደ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ። ሌትና ቀን እየተፈራረቁ የባልዲውን ፈሳሽ ይለካሉ። የወጣውን ያህል ለክተው መልሰው ያጠጡታል። ሥራው ይህ ነበር፤ የሰገራ ባልዲ መለካት። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ፍላጎት በ80 በመቶ ቀነሰ። እኔ በበኩሌ ያንን ባልዲ ሳስብ ስለ ኢኽላስ ከብዙ ንግግር የማላገኘውን አገኝበታለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ። በ1971 ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ስደተኛ ከዚያች አገር ወደ ሕንድ ጎረፈ። ድንበሩ ላይ ባለችው በቦንጋኦን የነበሩት ሁለት የሕሙማን ክፍሎች ሞልተው ሰው ወለል ላይ ተኝቷል፤ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በትውከትና በሰገራ መካከል ተንበርክኮ ነበር የሚያክመው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። እርሱም ቆረጠና 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም ሶዳ ለአንድ ሊትር ውሃ አስመዝኖ፣ በላስቲክ እየታሸገ ከካልካታ እንዲመጣለት አደረገ። የሚያጠጡት ነርሶች አልነበሩም፤ አይበቁም ነበርና። እናት ለልጇ፣ ወንድም ለወንድሙ ከበርሜሉ በኩባያ እየቀዳ አጠጣ። በካምፖቹ ከ100 ሕሙማን እስከ 30 የሚሞቱበት ጊዜ ነበር፤ በእርሱ እጅ የሞቱት ከ100 ወደ 4 ገደማ ሆኑ። ሰውየው ሙስሊም አልነበረም። ሱረቱል ማኢዳ አንዲት ነፍስን ስለማትረፍ የሚናገረውን ሳነብ ግን ያ ክፍል ፊቴ ላይ ይመጣል።

ይህን ተናግሬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁት፤ እርሱ መሓሪ ነው።

*

አልሐምዱ ሊላህ፤ ወሶላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ። ወንድሞቼ፣ እስካሁን የነገርኳችሁ ስላገኙት ሰዎች ነው። አሁን ስለ አደራው ማድረስ ልናገር፤ ለዚህ ነው የወጣሁት።

ባንግላዴሽ ነፃ ከወጣች በኋላ መድኃኒቱ ታውቆም ሕፃናት መሞታቸው ቀጠለ። ኦአርኤስ የሚባለው የዚሁ ውሁድ ከረጢት ገጠር አይደርስም ነበር። ፋዝሌ ሐሰን አቤድ የመሠረተው ብራክ የተባለ የአገሩ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ሴቶች አስተማሪዎችን በየቤቱ ላከ፤ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶች ተንኳኩ። ሚዛን የሌላት እናት በምን ትለካ? በእጇ። በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ የአገሩ ቡናማ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። የላቦራቶሪው ግራም ወደ ጣት ተተረጎመ።

የአስተማሪዎቹ ክፍያ ነገር ደግሞ እዩት። የሚከፈላቸው በዞሩት ቤት ብዛት አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እናቲቱን ይጠይቃታል፤ ቀላቅላ እንድታሳይ ያደርጋታል፤ ናሙናው ተወስዶ ጨዉ ይለካል። እናቲቱ ባወቀችው ልክ ነው አስተማሪዋ የምትከፈለው። ተናገርኩ ማለት አያስከፍልም፤ ደረሰ ወይ ነው ጥያቄው። እኛ ኸጢቦች በዚህ ስሌት ብንከፈል ስንቶቻችን ባዶ እጃችንን እንገባ ነበር!

እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ እናቶቹ አወቁ እንጂ አልተጠቀሙበትም። ሲጣራ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው አስተማሪዎቹ ራሳቸው አያምኑበትም፤ ሆዳቸውን ሲያማቸው ክኒን ነበር የሚፈልጉት። ሁለተኛው ወንዶች ናቸው። ሴቶችን ብቻ አስተምረው ባሎችን ዘለሏቸው፤ ባል ያልሰማው ነገር በቤቱ ውስጥ አይጸናም፤ አማት ትስቃለች፤ ጎረቤት ያጣጥላል። ስለዚህ ወደ ገበያና ወደ መስጊድ ሄደው ለወንዶች ተናገሩ። አዎ፣ ወደ መስጊድ። እኔም ዛሬ ይህንን ለእናንተ፣ ሶፍ ላይ ለተቀመጣችሁ አባቶች የምናገረው ለዚህ ነው። «የልጅ ሆድ የሴት ጉዳይ ነው» የሚል አባወራ በመካከላችን ካለ፣ ኹጥባው የእርሱ ነው።

ሐኪሞቻችንም አትርቁ። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በሕንድ ቢሃርና ካርናታካ ከ2,000 በላይ የሕክምና ሰጪዎችን ፈተነ። የታመመ ሕፃን ወላጅ መስለው የሚቀርቡ ሰዎች ተላኩባቸው። አብዛኞቹ ኦአርኤስን ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ ግን አያዙትም። ለምን? ከረጢቱ ስለጠፋ ወይም ትርፍ ስለማያስገኝ የቀረው ጥቂቱ ነው። ካለመታዘዙ 42 በመቶው የመጣው «ታካሚው ይህን አይፈልግም፤ አንቲባዮቲክ ነው የሚፈልገው» ብለው በመገመታቸው ነው። ወላጁ ኦአርኤስ እፈልጋለሁ ባለ ጊዜ ግን የሚያዝዙት በእጅጉ በዙ። እንግዲህ አስቡት፤ ሐኪሙ እያወቀ ዝም አለ፤ ወላጁም እየፈለገ ዝም አለ፤ በሁለቱ ዝምታ መካከል ያለው ሕፃኑ ነው።

አንድ ሐዲሥ ትዝ ይላችኋል። ሰውየው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ የወንድሙ ሆድ መታመሙን ነገራቸው፤ ማር እንዲያጠጣው አዘዙት። ተመልሶ መጣና ባሰበት አለ፤ አሁንም አጠጣው አሉት። ደጋግሞ ተመላለሰ፤ እርሳቸውም ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም፤ በመጨረሻ ወንድሙ ዳነ። «ይኸው ኦአርኤስ ከ1,400 ዓመት በፊት ተነግሯል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኔ እንዲያ አልልም። ሐዲሡ እንዲከበር የግድ የላቦራቶሪ ምስክር አያስፈልገውም፤ የሐኪሞቹም የባልዲ ድካም በሽሚያ አይወሰድም። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ማር አይሰጥም፤ ይህንን ሐኪሞች አጥብቀው ይከለክላሉ። እኔ ከሐዲሡ የምወስደው ጽናቱን ነው። ኦአርኤስ ተቅማጡን አያቆምም፤ የወጣውን ይተካል። ሰው ሰጥቶ ተቅማጡ ሲቀጥል «አልሠራም» ብሎ ይተዋል፤ ልጁ የሚሞተው ከዚያ በኋላ ነው። አጠጡት። ባሰበት ካላችሁም አጠጡት። ቢያስታውከው አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩና በማንኪያ ቀስ እያላችሁ እንደገና አጠጡት።

አሁን ልኩን ያዙልኝ። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ከፍላችሁ በሻይ ብርጭቆ አትበጥብጡት፤ የማኒላውን አትርሱ። ከረጢት ከሌለ ለአንድ ሊትር ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ጨዉ ከሚበዛ ቢያንስ ይሻላል። ከ24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ጡት የሚጠባ ጡቱን አይከልከል፤ የሚበላም ይብላ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ለሕፃኑ ዚንክ ጠይቁ፤ ከስድስት ወር በላይ ከሆነ በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። መጠጣት ያቃተውን፣ የደነዘዘውን፣ ሰገራው ደም ያለበትን ግን ቤት አታቆዩት። ኮሌራ ከተጠረጠረ ሰዓትም አትጠብቁ።

አላህ ሆይ፣ ሕፃናታችንን ጠብቅልን። በስደትና በመጠለያ ያሉትን ንጹሕ ውሃ አጠጣቸው። ያወቁትን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት አድርገን። አሚን።

ወንድሞቼ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ከጓዳችሁ አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ፣ ጆግም ይሁን የሃይላንድ ላስቲክ፣ ፈልጉና ልኩ ላይ ምልክት አድርጉበት። ለሚስቶቻችሁ ብቻ ሳትተዉት ከእነርሱ ጋር ሆናችሁ አንድ ጊዜ በጥብጡ፤ ቅመሱትም፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ መሆን የለበትም። በሚመጣው ጁሙዓ በር ላይ ቆሜ ልኩን እጠይቃችኋለሁ።

ሶፋችሁን አስተካክሉ።