ወደ ታጁራ ባሕር ከመነሳታችሁ በፊት

 

የእረፍት ጊዜ ሲቃረብ "ዘንድሮ የት እንሂድ?" የሚል ወሬ ይበዛል። ዛሬ ቅርባችን ሆኖ ሳለ ጥቂቶች ብቻ ስለሚጎበኙት የባሕር ዳርቻ እናውራ፤ በጅቡቲ ሰሜን ስላሉት ታጁራና ኦቦክ።

ታጁራ ከጎዳ ተራሮች ግርጌ፣ ባሕሩ ዳር የተቀመጠች ጥንታዊ የአፋር ሱልጣኔት ከተማ ናት። በነጫጭ ቤቶቿና በሰባት መስጂዶቿ ትታወቃለች። ለረጅም ዘመን ወደ ሸዋ የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከዚያ ይነሱ ነበር። በአካባቢው ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው፤ ጨው ከዚያ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋው አገራችን ይመጣ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በዓለም ትልቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ ይታያል። ሱብሐነሏህ! በምድር ላይ ተጉዘን የአሏህን ሥራ እንድናስተነትን ቁርኣን ደጋግሞ ይጠራናል።

ግን ጉዞው የሚጀምረው ቤታችሁ ሳላችሁ ነው። ግመሉን ሳያስር በአሏህ ልመካ ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት አዘዙት። ዝግጅት የተወኩል አካል ነው።

እንግዲያው ኒያችሁን አስተካክሉ። ለፎቶ ብቻ ነው የምትሄዱት ወይስ ለመማርና ለማመስገን? ኢስቲኻራ ስገዱ። የወላጆቻችሁን ፈቃድና ዱዓ ያዙ። ያለባችሁን ዕዳ ክፈሉ፤ የሰው ሐቅ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ለመዝናኛ ገንዘብ አትቁጠሩ። እህቶች የመሕረምን ጉዳይ የምታምኗቸውን ዑለማ ጠይቁ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በሱናው መሠረት ከመካከላችሁ አንዱን አሚር አድርጉ፤ መንገድ ላይ ክርክር ይቀንሳል።

ወቅቱንም እወቁ። ከግንቦት እስከ መስከረም የዚያ ዳርቻ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ታጁራ በጀልባ ወይም ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ በመኪና ይኬዳል። መነሻ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ፓስፖርትና ቪዛችሁን አሟሉ። ከከተማ ስትወጡ ሱቅ ሩቅ ነውና ውሃ በብዛት ያዙ።

ስለ ውሃ ካነሳን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። አንድ ሰው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ባሕር ላይ ሲጓዙ የሚይዙት የመጠጥ ውሃ ጥቂት እንደሆነ፣ በእሱ ውዱእ ካደረጉ እንደሚጠሙ ነገራቸው፤ በባሕር ውሃ ውዱእ ማድረግ ይቻል እንደሆነም ጠየቀ። የባሕር ውሃ ንጹሕ መሆኑን፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን ነገሩት። ተመልከቱ፣ ዲናችን የመንገደኛን ጥም እንኳ አስቦለታል። ባለ አራት ረከዓ ሶላትንም በሁለት እንድናሳጥር ፈቅዶልናል። ስለዚህ "መንገድ ላይ ነበርኩ" ለሶላት መተው ሰበብ አይሆንም። የቀስርን ዝርዝር እንደ መዝሀባችሁ ሳትነሱ ተማሩ።

ስትደርሱ እንግዳ ናችሁ። አለባበሳችሁን ጠብቁ፤ ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ቆሻሻችሁን ባሕሩ ዳር ጥላችሁ አትምጡ። የዓሣ አጥማጁን ዋጋ አታራክሱበት፤ የእሱ እንጀራ ነው። ጁሙዓ እዚያ ከዋለባችሁ ለመንገደኛ ግዴታ ባይሆንም ከታጁራ ሰዎች ጋር ሶፍ ውስጥ ቁሙ። ቋንቋችሁ ባይገጥም "አሚን" ያገናኛችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህ ውብ ዳርቻ የወንድሞቻችንና የእህቶቻችን መንገድም ነው። ብዙ የአገራችን ልጆች በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ከኦቦክ ወደ የመን ይሻገራሉ። በጥር 2011 ዓ.ም. ጎዶሪያ በተባለው ሥፍራ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከየመን ስትመለስ የነበረች ጀልባ በዚያው አካባቢ ሰጥማ ከ20 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ሕፃናትም ነበሩባት። እናንተ ለመዝናናት የምትዋኙበት ባሕር የእነሱ መቃብር ነው።

ይህን የምነግራችሁ ደስታችሁን ልነጥቅ አይደለም። እናንተ ወቅት መርጣችሁ፣ ውሃ ይዛችሁ፣ የመመለሻ ቲኬት ቆርጣችሁ ትሄዳላችሁ። እነሱ ግን ችግር ገፍቷቸው፣ ደላላ ዋሽቷቸው ነው የሄዱት። መንገድ ዳር ደረቅ ከንፈር ያለው ልጅ ካያችሁ ካሜራችሁን አታውጡ፤ ውሃችሁን አውጡ። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሰላም በሉት። ከእናታችሁ የመጣ ሰው መስሎ ይታየው።

ከመካከላችሁም "ብር ክፈልና አሻግርሃለሁ" የሚል ደላላ ያናገረው ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ነፍሳችሁ አሏህ የሰጣችሁ አማና ናት፤ ለዚያ ጀልባ አትስጧት።

ያ አሏህ፣ መንገደኞቻችንን በሰላም መልስ። በባሕር የቀሩትን ማራቸው፤ ልጃቸው ያልተመለሰላቸውን እናቶች ሶብር ስጣቸው። አሚን።