የተገለጠ ዐይን ምን ያያል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የሐረጎን ቍልቍለት ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። ጉሙ በወረደ ጊዜ ነጂው ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ ማየት ይሳነዋል። መንገዱ ግን አልጠፋም፤ ገደሉም ከስፍራው አልተነሣም፤ የጐደለው የሰው ዕይታ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ሁሉ በልቡ «ዐይኔን የሚገልጥልኝ ማን ነው?» ይላል።

በዘመናችን ለዚህ ጥያቄ መልስ እሰጣለሁ የሚል አንድ ጥበብ ተነሥቷል። ፈረንጆች «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» ይሉታል፤ እኛ «የተደረበ ዕይታ» ብንለው ይስማማዋል። ይኸውም በመነጽር ወይም በእጅ ስልክ ካሜራ የሚታየውን እውነተኛ ስፍራ ኮምፒዩተር መርምሮ፥ በዚያው ላይ ጽሕፈትን፥ ምልክትንና ሥዕልን ደርቦ ማሳየት ነው። ኢቫን ሳዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 በራስ ላይ የሚደረገውን የመጀመሪያውን መሣሪያ ሲሠራ፥ ከክብደቱ የተነሣ ከጣራ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ ያው ሥራ ወደ ተራ መነጽር እየቀረበ ነው። በስልካቸው መልካቸውን ለውጠው ፎቶግራፍ የሚነሡ ልጆቻችንም ስሙን ሳያውቁት ከዚሁ ጥበብ ጋር ተዋውቀዋል።

እንግዲህ ይህን ጥበብ እናውግዘውን? አይደለም። በአሜሪካ የቦይንግ አውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን አሳብ በጽሑፍ ሲያቀርቡ፥ ዓላማቸው ሠራተኛው ሽቦ የሚዘረጋበትን መስመር በዐይኑ ፊት አይቶ እንዳይሳሳት ነበር። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እኅታችን፥ የማታውቀውን መኪና አሠራር ነገ በእንዲህ ያለ መነጽር ብትማር፤ የሐረጎም ነጂ በጉም ውስጥ የመንገዱን ጠርዝ በመስተዋቱ ላይ ተሥሎ ቢያይ፥ ይህ የምስጋና ምክንያት ነው። ጥበብን ለሰው የሰጠ እግዚአብሔር ነውና።

ነገር ግን ስለ ዐይን መገለጥ ቅዱስ መጽሐፍ ቀድሞ ያስተማረን ነገር አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ የሶርያ ሠራዊት ዶታይንን በሌሊት በከበበ ጊዜ የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ እጅግ ፈራ። ነቢዩ በጸለየለት ጊዜ ግን ዐይኑ ተገልጦ፥ ተራራው በእሳት ሠረገሎችና በፈረሶች ተሞልቶ አየ። በዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፤ ሎሌው ያየው በእውነት በዚያ የነበረውን ነው እንጂ ሰው የሣለውን አይደለም። ሁለተኛ፤ የከበበው ሠራዊት ከዐይኑ አልተሰወረለትም፤ እውነትን ሲጨመርለት እውነት አልተቀነሰበትም። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ኤልሳዕ ያን ሠራዊት ወደ ሰማርያ ባገባው ጊዜ የእስራኤል ንጉሥ ሊገድላቸው ወደደ፤ ነቢዩ ግን ከልክሎ እንጀራና ውኃ እንዲቀርብላቸው አዘዘ። በልተውና ጠጥተውም ወደ ሀገራቸው ተሰናበቱ። በተገለጠ ዐይን የተጀመረው ነገር በማዕድ ተፈጸመ። እንግዲህ ከእግዚአብሔር የሆነ ዕይታ መለኪያው ይህ ነው፤ ወደ ባልንጀራ ያቀርባልን? ወይስ ከባልንጀራ ያርቃል?

በዚህ መለኪያ ስንመዝነው የሚያስፈራን አንድ ነገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ ካሜራ ባለው መነጽር የማያውቁትን መንገደኛ ፊት አንሥተው ስሙንና አድራሻውን ከኢንተርኔት ፈልጎ የሚያመጣ አሠራር ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ አሳይተው ነበር። ነገ ይህ ነገር በየሰዉ ዐይን ላይ ቢያርፍ ምን ይሆናል? ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ፥ ከወንድሙ ፊት በላይ የወንድሙን ዘር፥ ሃይማኖትና ሀብት የሚናገር ጽሕፈት ያነባል። ሰው በስሙና በመታወቂያው ተለይቶ የተጐዳባቸውን ያለፉትን ዓመታት ላየች ሀገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የወሎ ሰው ግን ሌላ ዕይታ አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋልዶ፥ በሠርግም በለቅሶም አብሮ ይቀመጣል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከሰሜን ያፈናቀላቸው ወገኖች ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ መጥተው በየትምህርት ቤቱ በተጠለሉ ጊዜ፥ እንጀራ ይዞ የወጣው ሰው በፊታቸው ላይ ያነበበው ጽሕፈት አልነበረም፤ ያየው ራብን ነው። የተገለጠ ዐይን ማለት ይህ ነው። በሉቃስ ወንጌል የተነገረለት ባለጠጋ ግን ዐይን ሳይጐድለው በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን አላየም። ባለጠጋ ያለ መነጽር እንዲህ ከታወረ፥ ድኻውን ሸፍኖ ሥዕል የሚያሳይ መነጽር ቢያገኝማ እንዴት ይሆን ነበር?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ፖኬሞን ጎ» የተባለው የስልክ ጨዋታ በወጣ ጊዜ፥ ሰዎች በስልካቸው የሚታየውን ምናባዊ አውሬ እየፈለጉ እልፍ አእላፍ ሕዝብ ወዳለቀበት ወደ ኦሽዊትዝ እስከ መግባት ደረሱ፤ የመታሰቢያውም ጠባቂዎች ጨዋታው ከዚያ ስፍራ እንዲወገድ ጠየቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልን አትጠላም፤ በሥዕለ አድኅኖ የማይታየውን ታስተምራለች። ነገር ግን መቅደሷን በመጋረጃ ትጋርዳለች፤ ሁሉ ነገር ለዐይን እንዳልተሰጠ ታውቃለችና። መስከረም 21 ቀን በአምባሰል ወደ ግሸን የሚወጣ ምእመንም ተራራውን በቤቱ ሆኖ በመነጽር ሊያየው ይችል ይሆናል፤ የእግሩን ድካምና ከአጠገቡ የምትወጣዋን አሮጊት የመደገፉን በረከት ግን ከመነጽር አያገኝም።

ስለዚህ፥ ካህናት አባቶች ሆይ፤ ይህ ጥበብ ሳይደርስ ምእመናንን አስተምሩ። በቅዳሴ ጊዜ የሚቀርጽ መነጽር በዐይን ላይ እንዳይኖር ከአሁኑ ንገሩ። ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ እግዚአብሔር የሰጣቸውን መልክ ሳይደርቡበት እንዲወድዱት ምከሩ። ወጣቶች ሆይ፤ በመነጽራችሁ ስለ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ሰውን ራሱን «እንደምን ዋልህ?» በሉት። የሐረጎ ጉም በፀሐይ ይገፈፋል፤ የልብ ጉም ግን በፍቅር እንጂ በመስተዋት አይገፈፍም።

የሎሌውን ዐይን የገለጠ አምላክ የእኛንም ይግለጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።