ልጁ በረዶ ሲምስ እናንተ የት ነበራችሁ?

ልጆቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በጥር ወር፣ እዚህ ሚኒያፖሊስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ባየሁት ነገር ነው። አንድ ሕፃን ከፓርኪንጉ ዳር በተቆለለው በረዶ ላይ ተንበርክኮ በባዶ እጁ ጓንቱን ይፈልጋል። ጎልማሶቹ መኪናቸውን እያሞቁ ቆመዋል። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። አባቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ተወው፣ ና ግባ፣ ሌላ እንገዛልሃለን» አለው። ልጁ እንዳልሰማ ሆኖ መማሱን ቀጠለ። ከዚያ ሁሉ ምእመን መካከል ወንጌሉ የገባው እሱ ብቻ ነበር ብል አታኩርፉ።

ያንገበገበችኝ ይህች «ሌላ እንገዛለን» የምትሏት ነገር ናት። ኮፍያ ሲወድቅ ሌላ፣ ሻርፕ ሲጠፋ ሌላ። ገንዘቡ በማታ ፈረቃ ቆማችሁ ያገኛችሁት ነውና ስለ ገንዘቡ አልከራከርም። ነገር ግን የጠፋበትን የሚፈልግ ልጅ «ተወው» ሲባል፣ የጠፋ ሁሉ እንደሚተው ይማራል። ዛሬ ጓንቱን ይተዋል፤ ነገ የተጣላውን ወንድሙን፣ ከነገ ወዲያ ቋንቋውን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለችውን ሴት አስቡ። ከአሥሩ ድሪም አንዱ ቢጠፋባት ዘጠኙ ይበቃኛል አላለችም፤ መብራት አብርታ ቤቷን ጠረገች። ስታገኘውም ጎረቤቶቿን ለደስታ ጠራች። እናንተ ብትሆኑ ጎረቤቶቿ፣ ለደስታውም አትደርሱ።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። እንደዚህ አገር በረዶ አይከመርም፤ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። መከታችን ባና ነበር፤ ሱፉ ከራሳችን በግ ተሸልቶ፣ እናቴ ፈትላው፣ ሸማኔ የሠራው። አንድ ማታ የጎረቤታችን ልጅ ባናውን መስክ ላይ ጥሎ መጣ። አባቱ መጀመሪያ ገሠጸው፤ ኩርኩምም ነበረበት፣ አልደብቃችሁም። ከዚያ ግን ችቦ ለኩሶ ልጁን አስከትሎ ወጣ። አባቴም ዱላውን አንሥቶ ተከተላቸው፤ ከኋላ እኛ ልጆቹ። ያን ሌሊት ባናው አልተገኘም። ልጁ በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ እኛ ቤት አደረ፤ በማግስቱ እረኞች አገኙለት። «የኔ ልጅ አይደለም» ያለ ሰው አልነበረም። እነዚያ ሁሉ ዛሬ አፈር ለብሰዋል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

እናንተ ግን ምክንያት አታጡም። «ብርድ ነው እኮ አባባ» ትሉኛላችሁ። ብርድ ስለሆነማ ነው የምቆጣው! ነፋሱ ታክሎ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ጣት፣ ጆሮና የአፍንጫ ጫፍ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ እጁ በበረዶ ከራሰማ ይብሳል። ስለዚህ የራሳችሁን ጓንት አጥልቁለት፣ መኪና ውስጥ አስገቡት፣ ፍለጋውን እናንተ ቀጥሉ። ጣቱ ነጥቶ ከደነዘዘ አትሹት፤ ለብ ባለ ውሃ አሙቁት፤ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ስለ ሌላው አላበዛም። ለሕፃን አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ጓንት ይሻላል፤ ጣቶቹ ይሟሟቃሉ። ጥንዱን በክር አያይዛችሁ በጃኬቱ እጅጌ ውስጥ አሳልፉት። ትምህርት ቤት የጠፋ ዕቃ የሚሰበሰብበት ሣጥን ካለ፣ ገብታችሁ እዩ።

ግን ወደዚያው ልመለስ፤ ነገሩ አልወጣልኝም። ያ አባት ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌሊት ሠርቶ በዚያው ለቅዳሴ የቆመ ደካማ ነው። አጠገቡ የነበራችሁትስ? ቡና የት እንጠጣ ትባባሉ ነበር። አሥራችሁ ጎንበስ ብትሉ ጓንቱ ወዲያው ይገኝ ነበር። በረዶ ጠራጊው መኪና መጥቶ ቁልሉን በቁልል ላይ ገፋው፤ ልጁም እያለቀሰ ሄደ። ይህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሆነ ነው፤ ነውር ነው።

ከእንግዲህ የማንም ልጅ በረዶ ውስጥ ዕቃ ሲፈልግ ካያችሁ ከመኪናችሁ ውረዱ። ዛሬ ማታ ደግሞ የማይለቅ እስክሪብቶ አንሡና በልጆቻችሁ ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት ውስጥ ስማቸውን ጻፉ።