«ስግብግብነት» እና «ሎ ታሕሞድ»

በአማርኛችን ስግብግብ የምንለው ከጠገበ በኋላም እጁን ከገበታ የማይሰበስበውን፣ የራሱን ሳይጨርስ የሌላውን ጉርሻ በዓይኑ የሚከተለውን ሰው ነው። ንፉግ የራሱን ይደብቃል፤ ስግብግብ የሰውን ይሻል።

በዕብራይስጥ ለዚህ ነገር የሚቀርቡ ሦስት ቃላት አሉ። «ተአቫ» የልብ ምኞት ነው፤ «ሐምዳኑት» ምኞቱ ወደ ሥራ ሲሸጋገር ነው፤ «ቤጻዕ» ደግሞ በማይገባ መንገድ የሚገኝ ጥቅም ነው። የቤጻዕ ሥሩ መቁረስ ሲሆን፣ በሰንበት ማዕድ ላይ ዳቦ የሚቆርሰውም በዚያው ሥር «ቦጼዓ» ይባላል። እርሱ ግን ከራሱ ገበታ ይቆርሳል። ዮቶር ለሙሴ ስለ ዳኞች ምርጫ ሲመክረው ቤጻዕን የሚጠሉ ሰዎች ይሁኑ ማለቱ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ተጽፏል።

ምኞት ልክ ሲያጣ ምን እንደሚያደርስ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ይነግረናል። መና ሳይጎድልባቸው ሥጋ የተመኙት፣ ድርጭት በወረደ ጊዜ ሌሊቱን እንኳ ሳያርፉ ሰበሰቡ፤ ጥቂት ያገኘው እንኳ 10 ሖሜር ነበረው። መቅሠፍትም መጣ፤ ስፍራው «ቂብሮት ሃተአቫ»፣ የምኞት መቃብር ተባለ።

ብዙ ሰው «ሎ ታሕሞድ» የሚለውን ትእዛዝ ከስርቆት ጋር ብቻ ያያይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፉት ራምባም ግን ከዚህ ጠልቀው አስተምረዋል፦ የባልንጀራውን ዕቃ የወደደ ሰው አማላጅ እየላከ፣ እየነዘነዘ ካሸጠውና ከወሰደው፣ ብዙ ገንዘብ ቢከፍል እንኳ ትእዛዙን ተላልፏል። ራአባድ ሻጩ «ፈቅጃለሁ» ካለ ነገሩ ይለያል ብለው ተከራክረዋል።

ይህ ክርክር በእኛ ቤት ይበልጥ ይከብዳል፤ የእኛ ሰው «ፈቅጃለሁ» የሚለው ብዙ ጊዜ በይሉኝታ ነውና። አንድ ሽማግሌ ከጎንደር ይዘውት የመጡት የብራና ኦሪት አለ እንበል። ገዢው ዛሬ በዘመድ፣ ነገ በጎረቤት ያስለምናቸዋል። እርሳቸውም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና በመጨረሻ «እሺ ልጄ» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህን «እሺ» እንደ ፈቃድ መቁጠር አስቸጋሪ ነው።

አንድ ጊዜ መጠየቅማ አይከለከልም። ሆኖም ረቢ ዮና ዘጌሮንዲ «ሻዓሬ ተሹቫ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ቃሉ የሚከበርለት ሰው ባለቤቱ በደስታ እንደሚሰጠው ካላወቀ በቀር ከቶ እንዳይጠይቅ አስጠንቅቀዋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው «አይሆንም» ብሎ ለመመለስ የሚደፍር የለምና።