የሚዛኑ ክብደት ሳይታወቅ መወሰን

ውሳኔን ብዙ ጊዜ የሚያከብደው ክፉውን ከደጉ መለየት ሳይሆን ከሁለት በጎ ነገሮች አንዱን መምረጥ ነው። በአንዱ መስፈርት ይህ ይበልጣል፤ በሌላው ደግሞ ያ። ታዲያ ለየመስፈርቱ የሚገባውን ክብደት በእርግጠኝነት ሳናውቅ እንዴት እንመርጣለን?

ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ሊቁ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የቀረበለትን ሥራ ይቀበል ወይም ይተው ዘንድ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ምክር ጠየቀ። ፍራንክሊንም ምን እንደሚወስን ሳይሆን እንዴት እንደሚወስን ጻፈለት፦ ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ ድጋፉንና ተቃውሞውን ለጥቂት ቀናት እያሰበ እንዲመዘግብ፣ ክብደታቸው የሚተካከለውንም ከሁለቱም ወገን እንዲሰርዝ መከረው። ሆኖም የምክንያቶች ክብደት እንደ ቁጥር በትክክል እንደማይለካ አልሸሸገም።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የቁምስና ምክር ቤት ባለው ገንዘብ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍር ወይስ የመማሪያ ክፍል ይሥራ? ጉድጓዱ በችግሩ አጣዳፊነት ከ10 9፣ በዘላቂነት 4 አገኘ እንበል፤ ክፍሉ ደግሞ 5 እና 7። ከአባላቱ አንዱ ለአጣዳፊነት 50 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ ክብደት ቢሰጡ ይከራከሩ ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለቱም ስሌት የሚመረጠው ጉድጓዱ ነው። ክርክራቸው ውሳኔውን አይለውጥም። ክብደቱ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ ግን ክፍሉ ይቀድማል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ትክክለኛው ቁጥር ሳይሆን፣ ጥርጣሬያችን ውሳኔውን ይለውጥ እንደሆነ ነው።

የማይለውጥ ከሆነ በሰላም እንወስን። የሚለውጥ ከሆነ ግን ጥርጣሬውን በቁጥር ከመሸፈን ይልቅ በግልጽ እንናገረው፤ ከሁሉ በፊትም የውሳኔው ሸክም የሚያርፍባቸውን፣ ውሃ የሚቀዱትን እናቶችና ከዛፍ ሥር የሚማሩትን ልጆች፣ እንስማ። ሳይወስኑ መቆየትም ራሱ ውሳኔ ነውና ምክክሩ መጨረሻ ይኑረው።

ከአለማወቅ የሚከፋ አንድ ነገር አለ፤ የምንወደው ወገን እንዲያሸንፍ ውጤቱን አይተን ክብደቱን ማስተካከል። ይህ ሐሰተኛ ሚዛን ነው። አለማወቅ የሰው ልጅ ባሕርይ ስለሆነ አያስነቅፍም፤ ሚዛንን ማጣመም ግን የፈቃድ ሥራ ነው። እንግዲያስ ክብደቱን አስቀድመን እንስማማበት፣ ምክንያቱንም በጉባኤ ፊት እናስረዳ። እንዲህ ከሆነ፣ ሐሳቡ ያልተመረጠለት ወንድም እንኳ በቅንነት እንደ ተመዘነለት አውቆ ከሥራው ይተባበራል።