ስለ እባብ ሙቀትና ስለ ሰው ሥልጣን

በባሌ ተራሮች ካለው ከሰነቲ አምባ ተነሥቶ በሪራ መንደር በኩል የሐረናን ደን እያቋረጠ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ፣ ሌሊት ውርጭ ከሚያድርበት 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ሜዳ ከ1500 ሜትር በታች ወደሆነው ቆላ በአንድ ቀን ሲደርስ፣ አስታውን፣ ኮሶውን፣ ቀርከሃውን፣ ዝግባውንና በጥላ ሥር ያለ ዘሪ የበቀለውን ቡና እያለፈ፣ በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት 6 ዲግሪ ያህል የሚጨምረውን ሙቀት በገላው ይለየዋል። ሰው ግን ጋቢውን ደርቦ ወይም አውልቆ የደሙን ሙቀት ባለበት ይጠብቃል፤ ለእባብ ይህ ጸጋ አልተሰጠውምና የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ፣ ከድንጋይና ከአፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሐረና ስም የተሰየመው እፉኝትም ከባሌ ተራሮች በቀር ሌላ አገር አይታወቅለትም።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ እባብን በመስታወት ሣጥን ዘግተው በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመናዊው ሊቅ ቮልፍጋንግ ቦሜ ስሙን ያወጣለት የኢትዮጵያ ደጋ እፉኝት እንኳ በባዕድ አገር ሣጥን ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ በኦሪት ዘልደት ለሰው የተሰጠው በአራዊት ላይ የመሠልጠን ሥልጣን፣ ፍጥረትን ከተወለደበት አየር አውጥቶ ለመዝጋት ይበቃልን? ቢበቃስ፣ ዘጊው ለተዘጋው ምን ዕዳ አለበት?

ሊቃውንታችን ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት እንደ ቆመ ያስተምራሉ፦ እሳት ሙቅና ደረቅ፣ ነፋስ ሙቅና ርጥብ፣ ውሃ ቀዝቃዛና ርጥብ፣ መሬት ቀዝቃዛና ደረቅ ሆነው፣ ተቃራኒዎች ሳሉ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው ይኖራሉ። እባብ ጠባቂም ይህንኑ ስምምነት በእጁ ሊሠራው ይገደዳል። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ሄዶ በባዕድ ቤቶች የለመደው ኳስ ፓይተን የተባለ እባብ፣ በሣጥኑ በአንደኛው ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ 26 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ በአየሩም 60 በመቶ ያህል ርጥበት ይሻል። ጠባቂው ሙቀቱን ብቻ ከፍ ቢያደርግ፣ የሞቀ አየር ብዙ ተን መሸከም ስለሚችል፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀነስ አንጻራዊው ርጥበት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ቆዳ በዓይንና በጅራት ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ፈርቶ ውሃ አብዝቶ ነፋስ ቢከለክል ደግሞ የሆዱ ቆዳ ይቆስላል፣ ሳንባውም ይታመማል። ማሞቂያውን ሙቀት በሚቆጣጠር ቴርሞስታት ካልገታው፣ እባቡ ከጋለ ነገር ቶሎ አይሸሽምና ሳይነቃነቅ ይቃጠላል።

ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ የፍጥረታትን ጠባይ በምሳሌ የሚያስተምረው ፊሳልጎስ የተባለ መጽሐፍ፣ እባብ ባረጀና ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ አርባ ቀን ጾሞ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ አልፎ አሮጌ ቆዳውን እንደሚጥል ይናገራል፤ አርባው ቀን ለምሥጢር የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ቆዳ በሚለወጥበት ሰሞን ዓይኑ እንደሚደበዝዝ፣ ብዙውን ጊዜም ምግብ እንደሚተው፣ ሻካራ ነገር ላይ እየታሸ እንደሚወጣ ጠባቂ ሁሉ ያየዋል። ሊቃውንቱ በዚህ የንስሓን አምሳል አይተዋል፤ ስለዚህ እባብ የሚታደስበትን ርጥበት መንሣት፣ ለእኛ የመታደስ ትምህርት የሆነውን ፍጥረት መበደል ነው።

እባብ የተረገመ አይደለምን የሚል ይኖራል። መርገሙ በሆዱ እንዲሳብ አደረገው እንጂ ለሰው የማሠቃየት ፈቃድ አልሰጠውም፤ በዕለተ ዓርብ በምድር ከሚንቀሳቀሱት ጋር መልካም ተብሎ ተቈጥሯል፣ ሙሴም በምድረ በዳ ለተነደፉት ፈውስ የናሱን እባብ ሰቅሏል። አዳምም በገነት የተሾመው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። የደሎ መና ሙስሊም ወገኖቻችን የሚያነቡት ቁርኣንም እንስሳት እንደ ሰው ሕዝቦች መሆናቸውን ያስተምራል።

እንግዲህ ሥልጣን መግቦት ነው። ፍጥረትን የዘጋ ሰው ፀሐዩም ዝናሙም ሌሊቱም እርሱ ሆኗልና፣ ሙቀትና ቅዝቃዜን ጎን ለጎን አኑሮ ምርጫውን ለፍጥረቱ ሊተው ይገባዋል፤ ለእባብ ነጻነት ማለት ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው፣ ከደረቁ ወደ ርጥቡ መሄድ መቻል ነውና። ይህን ማድረግ የማይችል አይዝጋ። የባሌውን እፉኝት ግን ማንም አይያዘው፤ ጭጋጉና ጥላው፣ ድንጋዩና ፀሐዩ ተመጥነው የተሰጡት ቤት የሐረና ደን ነው። ስለዚህ የጎባ፣ የሮቤና የደሎ መና ሰዎች ሆይ፣ የምትፈሩትን እባብ ውደዱ አንላችሁም፤ ደኑን ከእሳትና ከመጥረቢያ ጠብቁለት።