«በጠባቡ ዘጋ»፦ የዳርት አንድምታ

ንባብ፦ ከአምስት መቶ አንድ ተነሣ፤ ሦስት ሦስት ወረወረ፤ በጠባቡ ዘጋ፤ ሕዝቡም ጮኸ።

ንባቡ አጭር ነው፤ አንድ ዙር የዳርት ጨዋታም ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ይህን ለማየት ግን ሰሜን ለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ በሚባለው አዳራሽ ሕዝብ ይጎርፋል። የዓለም ሻምፒዮናው የሚካሄደው ከኛ ታኅሣሥ ወር ሳይወጣ ነው፤ ገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ዋንጫው ባለቤቱን ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ሰዉ በየማታው ረጅሙን ጠረጴዛ ከቦ፥ ቢራውን ይዞ፥ የሙዝና የዶሮ ልብስ ለብሶ ያመሻል። ምን አገኝ ብሎ ነው ቢሉ፥ ንባቡን ተከትለን እንፈታለን። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰው ወርና ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ከአምስት መቶ አንድ ተነሣ

ነጥቡን ከ501 ጀመረ። በሌላው ጨዋታ ከባዶ ተነሥቶ ማከማቸት ነው፤ በዚህ ከሙሉ ተነሥቶ መቀነስ ሆነ። ምነው ቢሉ፥ የሚያከማች ሰው ስንት እንደሚበቃው አያውቅም፤ የሚቀንስ ግን መድረሻው ዜሮ እንደሆነ ያውቃል። አንድም ለተመልካች ሲባል ነው። የቀረው ቁጥር ከስሙ ጎን ተጽፎ ይታያልና፥ 170 ሲቀረው «ይቻላል»፥ 169 ሲቀረው «በዚህ ተራ አይሆንም» እያለ ተመልካቹም አብሮ ያሰላል።

ሐተታ፦ 170 በሦስት ፍላጻ እንዴት ያልቃል ቢሉ፥ የ20 ሦስት እጥፍ ሁለት ጊዜ 120፥ የሰሌዳው እምብርት 50። በአንድ ተራ ከዚህ የበለጠ የሚዘጋ ቁጥር የለም። እግር ኳስ የሚያይ ሰው አሠልጣኙ ምን እንዳሰበ ሲከራከር ያመሻል። በዳርት የተሸሸገ ሐሳብ የለም። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ከኋላው የቆመው ባላንጣውም ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። እጁ ይታዘዘው እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ሰውን ከወንበሩ የሚያስረው ይህ ነው እላለሁ፤ የቀረው ትርጓሜ ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

ሦስት ሦስት ወረወረ

በተራው ሦስት ፍላጻ ወረወረ። ከመስመሩ እስከ ሰሌዳው 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚጠልፈው ተከላካይ የለም፤ ነፋስ የለም፤ ጭቃ የለም። ታዲያ ቢስት በማን ያመካኛል ቢሉ፥ በማንም። ቴሌቪዥኑም መሸሸጊያ አይሰጠውም፤ በአንድ ወገን ፊቱን፥ በሌላው ወገን ሰሌዳውን ከፍሎ ያሳያል። አንድም ባላንጣው ሰሌዳው ራሱ ነው፤ 20ን በ1ና በ5 መካከል አስቀምጦታል። ትልቁን የፈለገ ጥቂት ወደ ቀኝ ቢስት 1፥ ወደ ግራ ቢስት 5 ያገኛል። የሦስት እጥፍ ቀለበት ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስቱንም በ20 በኩል እዚያ ያስገባ 180 ይሆንለታል።

አንድም ትልቁ ነገር መልቀቁ ነው። ታሪክ፦ ኤሪክ ብሪስቶው ከ1980 እስከ 1986 ባለው ጊዜ 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፥ ትንሽ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የሚወረውር፥ በራሱ እጅግ የሚተማመን ሰው ነበር። ኋላ ግን ክንዱን ወደ ፊት ሲልክ ጣቶቹ ፍላጻውን አንለቅም አሉ። ይህን አበሳ ተጫዋቾቹ ዳርታይተስ ይሉታል። ዐይኑ አልፈዘዘ፥ ጉልበቱ አልደከመ፥ ስሌቱም አልጠፋው። ገንዘብ ሰጥቶ ያስነሣው ፊል ቴይለር በ1990 ፍጻሜ መምህሩን 6 ለ 1 አሸነፈው፤ ይህን ጨምሮ የዓለሙን ዋንጫ 16 ጊዜ ወሰደ።

በጠባቡ ዘጋ

ዜሮ መድረስ ብቻውን አይበቃም። የመጨረሻው ፍላጻ የግድ በሰሌዳው ዳርቻ በምትዞረው ቀጭን የእጥፍ ቀለበት፥ አለዚያም በእምብርቱ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ሲመራ የዋለ ሰው በሩ ላይ ሲቆም ተደርሶበት ይሸነፋል። አዋቂዎቹ 32ን የሚወዱትም ለዚህ ነው። 32 የ16 እጥፍ ነው፤ እጥፉን ስቶ ነጠላ 16 ቢመታ 16 ይቀረዋል፥ እሱም የ8 እጥፍ ነው፤ ደግሞ ቢስት የ4 እጥፍ፥ ደግሞም የ2። ለተሳሳተ ሰው ንስሐ የማይከለክል ቁጥር ነው።

ታሪክ፦ በ1983 ፍጻሜ፥ ስቶክ ኦን ትሬንት፥ ብሪስቶውን የገጠመው በማጣሪያ አልፎ የገባው ወጣቱ ኪት ዴለር ነበር። በወሳኙ ዙር ብሪስቶው 50 ቀርቶት አንድ ፍላጻ በእጁ አለ። እምብርቱን ቢመታ ዙሩ በእጁ ነው። አልሞከረም፤ 18 መትቶ 32ን ለሚቀጥለው ተራ አስቀመጠ። ዴለር 138 ቀርቶት ነበር። የ20 ሦስት እጥፍ፥ የ18 ሦስት እጥፍ፥ የ12 እጥፍ፤ ዘጋ፤ 6 ለ 5 አሸነፈ።

ብሪስቶው እምብርቱን ምነው ተወው ቢሉ፥ ዴለርን ንቆ ነው። አንድም እምብርቱን ፈርቶ ነው፤ ስቶ እንደ 32 የማይመች ቁጥር እንዳይቀርበት። አንድም ስሌቱ ትክክል ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያውን ይዘው «ትዕቢት ጣለው» ይላሉ፤ እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። 138 የሚዘጋ ሰው በየቀኑ አይገኝም፤ ዴለር አንዱን ፍላጻ ቢስት ኖሮ ብልኅ የሚባለው ብሪስቶው ነበር።

ዳግመኛ ታሪክ፦ በ2023 ፍጻሜ ማይክል ቫን ኸርወን በዘጠኝ ፍላጻ ሊዘጋ ተቃረበ። ስምንት ፍላጻ አንድም ሳይስት ሄዷል። ዘጠነኛው የ12 እጥፍን ለጥቂት ሳተ። ማይክል ስሚዝም በዚያው ዙር ሁለት ጊዜ 180 መትቶ ነበርና 141 ይዞ ቀረበ፤ የ20 ሦስት እጥፍ፥ የ19 ሦስት እጥፍ፤ የ12 እጥፍንም መታ። 501 ከዘጠኝ ባነሰ ፍላጻ አይዘጋም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ዙር እዚያ በር ላይ ቆመው አንዱ ገባ። ዋንጫውም በመጨረሻ የስሚዝ ሆነ። በ1983ም በ2023ም በሩ የ12 እጥፍ ሆኖ መገኘቱ አጋጣሚ ነው፤ ምስጢር ልሥራለት አልልም።

ሕዝቡም ጮኸ

180 የሚል ካርቶን አነሣ፤ ዘፈነ። ምነው ቢሉ፥ ተጫዋቹን ከራሱ አስበልጦ ስለማያየው ነው። ሩጫና ዝላይ የለበትምና ቦርጭ አይከለክልም፤ ዕድሜም እንዲሁ፤ ሉክ ሊትለር በጥር 2025 ሻምፒዮን ሲሆን 17 ዓመቱ ነበር። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ ፋሎን ሼሮክ በዚህ መድረክ ወንድ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ቀጥላ ሁለተኛውንም ጣለች።

የጩኸቱ መምህር ሲድ ዋዴል ነው፤ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፥ ካምብሪጅ ታሪክ የተማረ ተንታኝ። እስክንድር የሚያሸንፈው ዓለም አጥቶ በ33 ዓመቱ አለቀሰ፥ ብሪስቶው ግን ገና 27ቱ ነው ያለው እሱ ነው። ዜና እስክንድርን በግእዝ ያነበበ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የዓለሙ ዋንጫ ዛሬ በዋዴል ስም ይጠራል።

ጩኸቱ ግን ሁልጊዜ ለምስጋና አይደለም፤ ተጫዋቹ ለእጥፍ ሲያነጣጥር የሚያፏጩበትም አሉ። በጥር 2023 ገርዊን ፕራይስ ከጀርመናዊው ጋብሪኤል ክሌመንስ ጋር ሲጫወት ጩኸቱ መረረውና፥ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያደርገውን ትልቅ የጆሮ መከለያ አጥልቆ መድረክ ላይ ወጣ። 5 ለ 1 ተሸነፈ። ጆሮውን ስለደፈነ ነው ይላሉ። አንድም ክሌመንስ በዚያ ማታ ስለበለጠው ነው፤ ይህ ይሻላል።